የሳባ ንግሥት ምን ለብሳ ነበር?

1ኛ ነገሥት ምዕራፍ 10ን ከቁጥር 1 እስከ 13 ድረስ በዝግታ አንብቡት። ስታነቡም አንድ ጥያቄ ያዙ። ንግሥቲቱ ምን ትመስል ነበር? ረጅም ነበረች ወይስ አጭር? ቆንጆ ነበረች? ምን ለብሳ ነበር? ምዕራፉ ከእነዚህ አንዱንም አይመልስም። ስሟን እንኳ አይነግረንም። የሚነግረን የሰሎሞንን ዝና ሰምታ በከባድ ጥያቄ ልትፈትነው እንደ መጣች፣ በልቧ ያለውን ሁሉ አውጥታ እንደ ተነጋገረችው፣ ቤቱንና ማዕዱን በዐይኗ አይታ ፍርዷን እንደ ሰጠች፣ 120 መክሊት ወርቅ፣ እጅግ ብዙ ሽቱና የከበረ ድንጋይ እንዳበረከተች ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ስለ አለባበስ የተነገረ ነገር አለ፤ እርሱም የሰሎሞን አገልጋዮች አለባበስ ነው። ያየችው እርሷ ናት። በምዕራፉ ሁሉ እርሷ ታያለች እንጂ አትታይም።

ጌታም በወንጌል ንግሥተ አዜብን ሲያነሣ (ማቴዎስ 12፥42፤ ሉቃስ 11፥31) ስለ መልኳ አልተናገረም። ጥበብን ለመስማት ከምድር ዳር በመምጣቷ በፍርድ ቀን በትውልዱ ላይ የምትነሣ ምስክር አድርጎ አቀረባት።

አሁን ደግሞ ከዚህ ገጽ ወደ ስልካችሁ እንሂድ። «ፌት ግራንድ ኦርደር» የሚባል የጃፓን የሞባይል ጌም አለ፤ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ጌሙ የታሪክና የአፈ ታሪክ ሰዎችን ሰብስቦ ለተጫዋቹ ያሰልፋል። የተሰለፉት «አገልጋይ» ይባላሉ፤ ተጫዋቹ «ጌታ» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ ላይ የሳባ ንግሥት ከአገልጋዮቹ አንዷ ሆና ገባች። በራሷ ላይ የአውሬ ጆሮ ተተክሎላታል። ልብሷ ከሚሸፍነው ይልቅ የሚገልጠው ይበዛል። እርሷን የራሱ ለማድረግ የሚፈልግ ተጫዋች እንደ ሎተሪ ዕጣ ያወጣል፤ ዕጣው ካልወጣለት ገንዘብ ከፍሎ ይደግማል።

ንጉሥን በጥያቄ የፈተነችው ሴት እንዴት እዚህ ደረሰች? መንገዱ ረጅም ነው። በውስጡም እኛ ራሳችን አለንበት።

መጽሐፍ ቅዱስ ዝም ያለበትን ቦታ ሰው ባዶ መተው አይወድም። በአገራችን የንግሥቲቱን ታሪክ በሰፊው የያዘው ክብረ ነገሥት ነው። የግእዙ መጽሐፍ በ14ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ የአክሱሙ ንቡረ እድ ይስሐቅና ባልደረቦቹ ያዘጋጁት ነው። እዚያ ላይ ንግሥቲቱ ማክዳ የሚል ስም አላት። 520 ግመሎችና 73 መርከቦች ያሉት ታምሪን የሚባል ነጋዴ ከኢየሩሳሌም ተመልሶ ስለ ሰሎሞን ጥበብ ማለዳ ማለዳ ያወራላታል። እርሷም በመጨረሻ 797 ግመሎች አስጭና ትነሣለች። መልኳ ያማረ እንደ ነበር መጽሐፉ ይናገራል፤ ነገር ግን በአንድ ትንፋሽ ጠቅሶት ወዲያው ወደ ማስተዋሏ ያልፋል። ማክዳ በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ስለ ጥበብ ረጅም ንግግር የምታደርግ፣ ጥበብን ከወርቅና ከብር አስበልጣ የምትፈልግ ሴት ናት።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሰሎሞን በቅመም የበዛበት ምግብ ያቀርብላታል። በግድ ላይነካት እርሱ ይምላል፤ ከቤቱ ምንም ነገር ላትወስድ ደግሞ እርሷ ትምላለች። ሌሊት ጥሙ ሲያቃጥላት ውሃ ልታነሣ እጇን ትዘረጋለች፤ ንጉሡም እጇን ይይዛል። ልብ ማለት ያለብን ነገር ቢኖር ወጥመዱን ያጠመደው ማን እንደ ሆነ ነው። በሌላው ዓለም ስንት ጊዜ «አታላይዋ ንግሥት» ተብላ ተሣለች፤ በክብረ ነገሥት ግን አታላዩ ንጉሡ ነው። እርግጥ ይኸው መጽሐፍ ቆየት ብሎ፣ ከእንግዲህ በኢትዮጵያ ወንድ እንጂ ሴት እንዳትነግሥ ሥርዓት እንደ ተሠራ ይተርካል። አንዲትን ሴት እጅግ አክብሮ በሩን ከኋላዋ የዘጋ መጽሐፍ ነው ብል አልተሳሳትኩም።

ለባሕር ዳር ልጆች ይህ የሩቅ ታሪክ አይደለም። ከማክዳ ልጅ ከምኒልክ ጋር መጣች የምትባለው ታቦተ ጽዮን ለብዙ መቶ ዓመታት በጣና ቂርቆስ ደሴት ቆይታለች የሚል ትውፊት ሐይቁ ላይ አለ። የስጦታ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ውስጥ ብትገቡም ማክዳን በቆዳ ወይም በሸራ ላይ ታገኟታላችሁ፤ ታሪኳ ብዙ ጊዜ በ44 ትንንሽ ሣጥኖች ተከፋፍሎ፣ ከላይ ወደ ታች እየተነበበ። ከፈረንጅ ኮሚክስ በፊት የነበረ የእኛ ኮሚክስ ልንለው እንችላለን።

ከአገራችን ውጭ የንግሥቲቱ ታሪክ በሌላ አቅጣጫ ሄደ። «ታርጉም ሸኒ» የተባለው የአይሁድ የመጽሐፈ አስቴር ትርጓሜ እንዲህ ይተርካል፦ ሰሎሞን በመስተዋት በተሠራ ቤት ተቀምጦ ጠበቃት፤ ውሃ መሰላትና ቀሚሷን ሰበሰበች፤ እግሯ ላይ ጠጉር አየና በዚያ ላይ ተናገረ። በዚህ ትረካ እንቆቅልሾቿ አልጠፉም። ቢሆንም አንድ ነገር ተገልብጧል። መርማሪዋ ንግሥት ተመርማሪ ሆናለች። ዘግይተው የመጡ የዐረብ ተራኪዎች ደግሞ እናቷን ከጂኒ ወገን አደረጓት። በጃፓኑ ጌም ላይ ያለችው ንግሥትም የጂኒ ደም አለባት፤ ከዚህ የተወረሰ ነው።

ሲኒማ ሲመጣ ነገሩ ባሰበት። እ.ኤ.አ. በ1921 ፎክስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ «የሳባ ንግሥት» የሚል ድምፅ አልባ ፊልም ሠራ። ንግሥቲቱን የተጫወተችው ቤቲ ብላይዝ ነበረች። ፊልሙ ዛሬ ጠፍቷል ማለት ይቻላል፤ የቀሩት ፎቶግራፎች ናቸው። ፎቶግራፎቹ ደግሞ የሚያሳዩት አንድ ነገር ነው፤ ዶቃና ስስ ጨርቅ የለበሰች፣ ወይም ለብሳለች ለማለት የሚያስቸግር ሴት። እ.ኤ.አ. በ1959 «ሰሎሞንና ሳባ» ወጣ፤ አዘጋጁ ኪንግ ቪዶር ነው፤ ንግሥቲቱ ጣሊያናዊቷ ጂና ሎሎብሪጂዳ ናት። (ሰሎሞንን ሲጫወት የነበረው ታይሮን ፓወር ቀረጻው ሳያልቅ በልብ ሕመም ሞቶ ዩል ብሪነር ተተክቶ ነው ፊልሙ ያለቀው።) በዚህ ፊልም ንግሥቲቱ ከግብፅ ፈርዖን ጋር ዶልታ ሰሎሞንን በገላዋ ልታጠምድ ትመጣለች፤ ለጣዖቷም እየተጨፈረ የሚሰገድበት ረጅም ትዕይንት አለ። ዛሬ ቢያዩት ያስቃል። ከባድ ቁምነገር መስሎ የተሠራ፣ በብልጭልጭ የተሞላ፣ ራሱን የማያውቅ ፊልም ነው። ግን አስቂኝ መሆኑ ያደረገውን አይሽረውም። በክብረ ነገሥት የተታለለችው አታላይ ሆናለች፤ በመጽሐፍ ቅዱስ ለጠየቀችው ጥያቄ ጊዜ አልተሰጠውም፤ ኢትዮጵያውያን እናታችን የሚሏትን ሴት የተጫወተችው ደግሞ አውሮፓዊት ናት።

የስልኩ ጌም ንግሥት እንግዲህ የእነዚህ ሁሉ የልጅ ልጅ ናት። ጆሮዋንና ደሟን ከጂኒው ተረት ብትወስድ፣ ልብሷ የሆሊውድን ይመስላል። ጌሙ የጨመረው አዲስ ነገር ዕጣው ነው።

ይህ በአንዲት ንግሥት ላይ ብቻ የደረሰ አይደለም። የጌም ታሪክ ከልጅነቱ ጀምሮ እንዲህ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986 ኒንቴንዶ «ሜትሮይድ» የሚል ጌም አወጣ። ጀግናው ከራስ ጥፍር እስከ እግር ጥፍር በብረት ልብስ የተሸፈነ ተዋጊ ነው፤ ከጌሙ ጋር የሚመጣው መምሪያ «እርሱ» እያለ ይጠራዋል። በመጨረሻ ላይ ግን ጌሙን ቶሎ የጨረሰ ተጫዋች ተዋጊው ሴት እንደ ሆነች ያያል። ስሟ ሳሙስ ነው። ለዚያ ዘመን ትልቅ ነገር ነበር። አንዲት ሴት ሳታውቅ ባደረግሃት ጉዞ ሁሉ ጀግና ሆና ኖራለች ማለት ነው። ታሪኩ እዚያ ቢቆም ደግ ነበር። አልቆመም። ፍጥነትህ ሲጨምር ልብሷ ይቀንሳል፤ ከአንድ ሰዓት በታች ለጨረሰ ሰው ሳሙስ የዋና ልብስ ለብሳ ትቆምለታለች። ጀግንነቷ የእርሷ፣ ገላዋ ግን የተጫዋቹ ሽልማት። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ሥዕሉም በዚያ ዘመን ስክሪን ላይ ጥቂት ነጠብጣቦች ብቻ ነው። ሐሳቡ ግን ሙሉ ነው።

ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1996፣ እንግሊዝ አገር ደርቢ ከተማ ውስጥ ያለው ኮር ዲዛይን «ቶምብ ሬይደር»ን አወጣ። ላራ ክሮፍትን የሣላት ቶቢ ጋርድ የሚባል ወጣት ነው። ላራ የተማረች፣ ደፋር፣ ብቻዋን ዋሻ የምትገባ፣ የጥንት ቅርስ የምታጠና ሴት ናት። ብዙ ሴቶች በጌም ውስጥ «እኔ» ብለው መግባት የቻሉት በእርሷ ነው ይባላል፤ ይህን ማቃለል አይገባም። ነገር ግን ኩባንያው ጌሙን የሸጠው በዋሻው አልነበረም። ማስታወቂያው፣ ፖስተሩ፣ የመጽሔት ሽፋኑ በሙሉ በደረቷና በጭኗ ላይ ነበር። ጋርድ በሁለተኛው ዓመት ኩባንያውን ለቆ ሄደ፤ ከምክንያቶቹ አንዱ የፈጠራት ሴት በእርሱ እጅ አለመሆኗ፣ ለገበያ የቀረበችበትም መንገድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 ላራ እንደ ገና ስትሠራ የታሪኩ ጸሐፊ ሪያና ፕራቸት የተባለች ሴት ነበረች። ያቺ ላራ ትፈራለች፣ ትቆስላለች፣ ቁስሏ ይታያል። ሱሪም ለብሳለች። ሰው ሆነች ማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ አንዳንዶቻችሁ «ይህ ሁሉ የፈረንጅና የጃፓን ጉድ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» ትሉ ይሆናል። እዚህ ፔዳ፣ ከድሮው የፔዳጎጂ አካዳሚ ስሙን በወረሰው ሰፈራችን፣ ፕሌይስቴሽን ቤት የገባ ሰው የሚሰማው የኳስ ጩኸት ነው። ያ እውነት ነው። ግን ኳሱም የራሱ ታሪክ አለው። የፊፋ ጌም ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየዓመቱ ሲወጣ ኖሮ ሴት ተጫዋች የገባችበት በ«ፊፋ 16» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2015፣ 12 የሴቶች ብሔራዊ ቡድኖች። ከሃያ ዓመት በላይ በዚያ ሜዳ ላይ ሴት አልነበረችም። እንግዲህ ሁለት ዓይነት ጌም ነበር፤ ሴት የሌለችበትና ሴት የተራቆተችበት። በቤቱ ውስጥ ጆይስቲክ የያዙትን ብትቆጥሩም እህቶቻችንን ማግኘት ይከብዳል።

በስልክ ደግሞ ሌላ ነው። ስልክ የባለቤቱ ብቻ ነው፤ ማንም ከጀርባው ቆሞ አያይም። ማስታወቂያው ሳይጠሩት ይመጣል። የጦርነት ጌም እየተጫወትክ «ስኪን ግዛ» ይልሃል፤ ስኪን ማለት የገጸ ባሕርይዋ ልብስ ነው። ለወንዱ ተዋጊ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ የበለጠ ብረት ነው፤ ለሴቷ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ያነሰ ጨርቅ ነው። ሁለቱ ተዋጊዎች በአንድ ሜዳ፣ በአንድ ጥይት ስር ናቸው። የሥራው ጠባይ ይህን ልዩነት አይጠይቅም። የጠየቀው ሌላ ነገር ነው።

ጣታችንን ወደ ውጭ ብቻ ከመቀሰራችን በፊት ግን ሌላዋን ንግሥት እናስታውስ። ዮዲትን። በትምህርት ቤት «ዮዲት ጉዲት» እያልን ነው ያደግነው፤ አክሱምን ያፈረሰች፣ አብያተ ክርስቲያናትን ያቃጠለች። በዘመኗ ወይም በዘመኗ አቅራቢያ የተጻፉ ሁለት ምስክሮች አሉ። አንዱ በ10ኛው መቶ ዘመን የጻፈው ዐረቡ መንገደኛ ኢብን ሐውቀል ነው። በሐበሻ አገር አንዲት ሴት ንጉሡን ገድላ ለብዙ ዓመታት በነፃነት እየገዛች እንዳለች ይናገራል። ሁለተኛው በግብፅ ፓትርያርኮች ታሪክ ውስጥ የተጠበቀ ወሬ ነው። አንድ የሐበሻ ንጉሥ አገሩን ስላጠፋችበት ንግሥት ለኖብያው ንጉሥ ለጊዮርጊስ የላከውን የጭንቅ ደብዳቤ ይጠቅሳል። ሁለቱም ጠላት ወይም ባዕድ ናቸው፤ ሁለቱም ያሏት «ገዛች»፣ «አጠፋች» ነው። ስለ ገላዋ አንድ ቃል የላቸውም።

ገላዋ የመጣው ዘግይቶ፣ በእኛው ተረት ነው። በአፈ ታሪኩ ዮዲት እጅግ ቆንጆ ናት፤ በዝሙት ትኖራለች፤ አንድ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ በእርሷ ፍቅር ታውሮ ከመቅደስ ንብረት ሰርቆ ይሰጣታል፤ በቅጣትም ጡቷ ይቆረጣል፤ ከዚያ ቂም ይዛ ትሰደድና ጦር ይዛ ትመለሳለች። ተመልከቱ እንግዲህ። መንግሥት የገለበጠችን ሴት ለመረዳት የፖለቲካ ምክንያት፣ የሃይማኖት ጠብ፣ የንግድ መንገድ መዳከም መፈለግ ነበረብን። ያገኘንላት ምክንያት ግን ውበቷና ጡቷ ነው። መቅደሱን የዘረፈው አገልጋይ ስሙ እንኳ አይታወስም፤ «ጉዲት» የተባለችው እርሷ ናት። ኮር ዲዛይን ወይም ሆሊውድ አልነገረንም ይህን። አያቶቻችን ናቸው የነገሩን፤ እኛም ለታናናሾቻችን እየነገርን ነው።

ዮዲትም ጌም ውስጥ ገብታለች። «ኤጅ ኦቭ ኢምፓየርስ 2» እ.ኤ.አ. በ2015 የአፍሪካ መንግሥታትን ሲጨምር ለኢትዮጵያ የመረጠው ታሪክ የእርሷን ነው። ትረካው የተመሠረተው በዚሁ አፈ ታሪክ ላይ ስለሆነ የውበቷን ወሬ ይዞ ይነሣል። ከዚያ በኋላ ግን የሚገርም ነገር ይሆናል። ጌሙ ከላይ ወደ ታች የሚታይ የጦር ስልት ጌም ነው፤ ሰዎቹ እንደ ጉንዳን ያንሳሉ፤ የሚታይ ገላ የለም። ተጫዋቹ የስደተኛዋን ጦር ይመግባል፣ ያሰለጥናል፣ ያዘምታል። እንደ እርሷ ሆኖ ማሰብ አለበት። ባዕዳን የሠሩት ጌም፣ ሳያስበው ይሁን አስቦት፣ ከእኛ ተረት ይልቅ ወደ ኢብን ሐውቀል ይቀርባል።

አሁን ወደ ወጣቶች ኅብረታችን ልምጣ፤ ይህን ጽሑፍ የሚያነበው በብዛት እዚያ ነውና። ስለ አለባበስ ሲሰበክ ለማን ነው የሚሰበከው? ለእህቶች ነው። ቀሚሷ አጠረ፣ ሱሪዋ ጠበበ፣ መዘምራን ሆና መድረክ ላይ እንዴት እንዲህ ትቆማለች። ስለ ዐይን ሲሰበክ ግን ቶሎ እንጨርሳለን። ማቴዎስ 5 ላይ ጌታ አውጥተህ ጣለው ያለው የተመልካቹን ዐይን ነው እንጂ የሚታየውን ሰው አይደለም። 2ኛ ሳሙኤል 11ን እናውቀዋለን፤ ዳዊት ከሰገነቱ ሆኖ ቤርሳቤህን ስትታጠብ አየ። በብዙ አገር ሠዓሊዎች ይህን ታሪክ ሲሥሉ የሣሉት የቤርሳቤህን ገላ ነው፤ ተመልካቹ ከዳዊት ጎን ሰገነቱ ላይ እንዲቆም ያደርጉታል። መጽሐፉ ግን በቀጣዩ ምዕራፍ ነቢዩ ናታንን ይልካል፤ የሚልከው ወደ ዳዊት ነው። በምሳሌውም ቤርሳቤህ አጥፊ አይደለችም፤ ከድሃው ሰው የተነጠቀች አንዲት ጠቦት ናት። ናታን «ለምን እዚያ ታጠበች?» ብሎ አልጠየቀም።

ጌም ደግሞ ሰገነት ነው፤ ያውም ካሜራውን ራስህ የምታዞርበት። በፊልም ላይ የተቀረጸውን ታያለህ፤ በጌም ላይ ግን ወደየት እንደምታይ የምትመርጠው አንተ ነህ፣ በአውራ ጣትህ። አንድ ወንድም ይህን ሳነሣ «ጌም ነው እኮ፣ ሰው አይደለችም፤ ማንን ጎዳሁ?» ብሎኛል። ትክክል ነው፤ ሳሙስ አትጎዳም፤ ነጠብጣብ ናት። በዚያ የሠለጠነው ዐይን ግን ቅዳሜ ከሰዓት ለኅብረት ሲመጣ ቤት አይቀርም። አንዲት እህት ተነሥታ ስለ ሮሜ መልእክት ጥያቄ ስትጠይቅ፣ ጥያቄዋን የምንሰማ ስንት ነን? የሳባ ንግሥት በሆሊውድ ያጣችው ይህንኑ ነው። ጥያቄዋን።

ሴት ለሕዝብ ትታይ ዘንድ ተጠርታ እምቢ ያለችበት ታሪክም አለን። አስቴር ምዕራፍ 1 ላይ የፋርስ ንጉሥ በሰባተኛው ቀን የወይን ጠጅ ሞቅ ሲያደርገው፣ ንግሥት አስጢንን ውበቷን ለእንግዶቹ እንድታሳይ አስጠራ። አልመጣም አለች። ዙፋኗን አጣች። ስለ አስጢን ስንሰብክ ብዙ ጊዜ «ባሏን ያልታዘዘች» ብለን ነው የምናልፋት፤ የታዘዘችው ነገር ምን እንደ ነበር ቆም ብለን ብናነበው ደግ ነው።

በጣና ላይ ደግሞ አንድ ሌላ ሥዕል አለ፤ ከእነዚህ ሁሉ የሚለይ። እቴጌ ምንትዋብ የቋራ ሰው ናት። ባሏ አፄ በካፋ እ.ኤ.አ. በ1730 ሲሞት ልጇ ኢያሱ ሕፃን ስለ ነበር እርሷም ዘውድ ደፍታ ከእርሱ ጋር ገዛች፤ የዙፋን ስሟ ብርሃን ሞገሳ ነው። ጎንደር ላይ የቁስቋምን ቤተ ክርስቲያንና ቤተ መንግሥት ሠራች። በደቅ ደሴት አጠገብ ደግሞ ናርጋ ሥላሴን አሠራች። ስለ እርሷም ሐሜት አልጠፋም። ባሏ ከሞተ በኋላ ከወለደችለት ከልጅ ኢያሱ ጋር ያላት ነገር የቤተ መንግሥት ወሬ ነበር፤ ሰዎች «ምልምል ኢያሱ» እያሉ ይዘብቱ ነበር። ሐሜተኞች እንዲሥሏት ብትተው ምን ዓይነት ሥዕል ይወጣ እንደ ነበር መገመት አያቅትም።

ናርጋ ላይ ግን ግድግዳው የእርሷ ነው፤ ቀለሙን የገዛችው፣ ሠዓሊውን የቀጠረችው እርሷ ናት። ከእመቤታችንና ከሕፃኑ ሥዕል ሥር ራሷን አሥላለች፤ በጌጥ ያማረ ልብስ ለብሳ፣ ወደ ምድር ተደፍታ እየጸለየች። ስለ ሥዕልና ስለ ልመና ያለን የእምነት ልዩነት እንዳለ ሆኖ፣ አንድ ነገር ማየት እንችላለን፦ በአገሩ ሁሉ ላይ ሥልጣን የነበራት ሴት ራሷን እንዴት መታወስ እንደምትፈልግ ስትመርጥ ዙፋን ላይ አልተቀመጠችም። ተመልካቹንም አትመለከትም፤ ተመልካቹ መኖሩን የምታውቅም አትመስልም። የምትጸልይ ሴት ናት። ልብሷም ተዘርዝሮ ተሥሏል፤ ምን ለብሳ እንደ ነበር የሚጠይቅ ሰው ካለ እዚያ ያገኘዋል።

በዘመናችንም ብሩሹን ለማንሣት የሞከሩ አሉ። ብስራት ደበበ የመሠረተው ኢታን ኮሚክስ «ጀምበር» የሚል የኢትዮጵያ ልዕለ ጀግና ካወጣ በኋላ «ሃዊ»ን አስከተለ፤ ሃዊ ወጣት ሴት ናት፤ ከአሜሪካ ወደ ኢትዮጵያ መጥታ የታፈነች እናቷን ፍለጋ የምትነሣ። በአዲስ አበባም ቀኔ ጌምስ ገበጣን ወደ ስልክ አምጥቶታል። የሳባን ንግሥት በጥያቄዋ የሚጀምር ጌም ግን እስካሁን አላየሁም። ከ797 ግመሎች ጋር የሚጀምር፣ ተጫዋቹ እንቆቅልሽ እየፈታና እየጠየቀ ኢየሩሳሌም የሚደርስበት ጌም ቢሠራ ማን ይጠላል? ኮምፒውተር ሳይንስ የምትማሩ ልጆች በዚህ ከተማ ሞልታችኋል።

ናርጋን ለማየት የምታስቡ ኅብረቶች ካላችሁ፣ ወደ ክብራን ገብርኤል ሴቶች አይገቡም፤ ናርጋ ግን እህቶችም ይገባሉ። ጀልባው ከባሕር ዳር በማለዳ ቢነሣ ይሻላል፤ መንገዱ ሰዓታት ይወስዳል፣ ከሰዓት በኋላም ሐይቁ ላይ ነፋስ ይነሣል።